ኦኤቲን ድጋሚ ልፈተን ወይስ በያዝኩት ላመልክት?

ሰመር ሲቃረብ ስልኬ እረፍት ያጣል። ደዋዮቹ እዚህ አሜሪካ ኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስቡ የኛው ልጆች ናቸው፤ አንዳንዴም እናቶቻቸው። ጥያቄው ግን ኦኤቲ ስለሚባለው የመግቢያ ፈተና ነው፤ ሁሌም ያው፦ «ኦኤቲ 290 መጣልኝ፤ ድጋሚ ልፈተን?» እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ዓይን ስመረምር የምውል ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፤ ተማሪ የሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ የለሁበትም። ስለዚህ «ትገባለህ» ወይም «አትገቢም» ማለት አልችልም። የምችለው የውጤት ወረቀቱን አብሬ ማየትና አንድ ጥያቄ መልሼ መጠየቅ ነው፦ ለምን 290 ሆነ?

«ከበደኝ» መልስ አይሆንም፤ ፈተናው ለማንም አይቀልም። «ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከወሰድኩ ቆየሁ፤ ሪአክሽኖቹን በደንብ ሳልከልስ ገባሁ» መልስ ነው። «ፊዚክሱ ላይ ሰዓት አለቀብኝ፤ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳላነብ ነው የሞላሁት» ይሄም መልስ ነው። ውጤቱ ለምን እንደዚያ እንደመጣ በአንድ ትንፋሽ መናገር የማይችል ሰው ድጋሚ ቢመዘገብ ያንኑ ዝግጅት ይዞ ያንኑ ፈተና ሊቀመጥ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ መልሱን እስክታገኝ ድረስ ክሬዲት ካርድህን አታውጣ።

ወረቀቱን ማንበብ

ኦኤቲ የሚለካው ከ200 እስከ 400 በሚሄድ ሚዛን ነው፤ 300 መሐሉ ነው። ወረቀቱ ላይ ስምንት ቁጥር ታገኛላችሁ። ስድስቱ የየክፍሉ ናቸው፦ ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን፣ ፊዚክስ፣ እና ኳንቲታቲቭ ሪዝኒንግ የሚባለው ሒሳብ። የቀሩት ሁለቱ ቶታል ሳይንስና አካዳሚክ አቬሬጅ ናቸው። ቶታል ሳይንስ የሚወጣው ከሳይንስ ጥያቄዎቹ ሁሉ ተደምሮ ነው። አካዳሚክ አቬሬጅ ደግሞ የስድስቱ ክፍሎች አማካይ ነው። ስልክ ላይ ሁልጊዜ የሚነገረኝ ይኸው አማካይ ነው። እኔ ደግሞ መጨረሻ የማየው እሱን ነው።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ውጤቱ የሚሰጠው በ10 በ10 እየዘለለ ነው፤ 295 የሚባል ውጤት የለም። ስለዚህ በ290 እና በ300 መካከል ያለው ልዩነት በአንዳንድ ክፍሎች ጥቂት ጥያቄ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቀን እድልና በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚመጣ የሚሄድ ነገር ነው። «290ን 300 ላድርጋት» ብሎ ብቻ ወራት መስዋዕት ማድረግ ለእኔ አይታየኝም፤ የምትፈልጉት ትምህርት ቤት ከ300 በታች አላይም የሚል ካልሆነ በቀር።

አንዲት ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ካፌ ውስጥ ወረቀቷን በስልኳ አንስታ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ 300 ነው እኮ ያመጣሁት፤ መሐሉ ላይ ነኝ፤ አይበቃም?» አለች። ወደ ታች ወረድን። ባዮሎጂ 330፣ ሒሳብ 320፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ 310፣ ሪዲንግ 290፣ ፊዚክስ 270፣ ኦርጋኒክ 260። ስድስቱ ሲደመሩ 1780፣ ለስድስት ሲካፈሉ 296 ከምናምን፣ ተጠጋግቶ 300። ያቺ ደህና የምትመስል 300 ውስጧ 260 ተደብቃለች። ክፍል በክፍል የሚያይ ኮሚቴ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች 260 ላይ ነው።

ቀጥሎ ትራንስክሪፕቷን ጠየቅኳት። ሁለተኛውን የኦርጋኒክ ኮርስ ኤ ማይነስ ነው ያገኘችው፤ ግን ከወሰደች ቆይቷል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ትራንስክሪፕቱ ኤ ማይነስ እያለ ፈተናው 260 ካለ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ትምህርቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበረ፣ አቧራ ለብሷል ማለት ነው። አቧራ በሁለት ወር ይራገፋል። ትራንስክሪፕቱም ሲ ፕላስ፣ ፈተናውም 260 ቢሆን ኖሮ አንዱ ሌላውን ያረጋግጣል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ትምህርቱን እንደ አዲስ መማር ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለት ወር አያልቅም። ልጅቷን «ተፈተኚ» አልኳት። ስድስቱም ክፍል እኩል 300፣ 300 ቢሆንላት ኖሮ ያው አቬሬጅ ሆኖ ሳለ «አመልክቺ» ነበር የምላት፤ ምክንያቱም ጎልቶ የሚታይ ቀዳዳ ከሌለ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ከባዱ ሥራ ነው።

ጥፋቱ የትምህርቱ ነው ወይስ የሰዓቱ?

ይህን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ያልሠራችሁትን አንድ የልምምድ ፈተና ሰዓት ይዛችሁ በእርሳስ ሥሩ። ሳታርሙ ሌላ ቀለም ያለው ስክሪብቶ አንሱና ያልሠራችኋቸውንና የተጠራጠራችሁባቸውን ጥያቄዎች ያለ ሰዓት ድጋሚ ሥሩ። አሁን አርሙ። በስክሪብቶ የሠራችሁት በብዛት ትክክል ከሆነ ትምህርቱን ታውቁታላችሁ፤ የበደላችሁ ሰዓቱ ነው። በስክሪብቶም ከተሳሳታችሁ ችግሩ የእውቀት ነው፤ ሰዓት ስለማብቃቃት የሚያስተምር ቪዲዮ ብታዩ ምንም አይጠቅማችሁም።

ሰዓቱ በእርግጥ ጨካኝ ነው። ባዮሎጂና ሁለቱ ኬሚስትሪ አንድ ላይ 100 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ናቸው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃም አይደርስም። ፊዚክስ 40 ጥያቄ በ50 ደቂቃ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምትወጣው ትንሽ ካልኩሌተር ደግሞ ለሒሳቡ ክፍል እንጂ ለፊዚክሱ አትመጣም። ቤት ውስጥ ካልኩሌተር እየነካካ ፊዚክስ ሲለማመድ የከረመ ልጅ እዚያ ሲደርስ እጁ ይታሰራል። የስበት ፍጥንጥነትን 9.8 ማለት ትቶ 10 ብሎ ማስላት፣ ቁጥሮችን በአሥር ርቢ ጽፎ ማባዛት፣ መልሱን ከምርጫዎቹ አንጻር መገመት፣ እነዚህ ልማዶች ናቸው፤ ልማድ ደግሞ በጥቂት ሳምንት ይለወጣል። ለዚህ ነው ዝቅ ያለው ፊዚክሱ ብቻ የሆነና ምክንያቱም ሰዓት የሆነ ሰው ሲደውልልኝ ብዙ ሳላስብ «ድጋሚ ተቀመጥ» የምለው። በነገራችን ላይ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም። ባዶ ትቶ የወጣ ሰው ካለ ድጋሚ ሲፈተን የመጀመሪያው እርማት ይሄ ይሁን።

ሪዲንግ ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኛ ልጆች በብዛት የሚያዙት እዚህ ነውና። ሦስት ረጃጅም የሳይንስ ጽሑፎች፣ 60 ደቂቃ። ጽሑፉ ላይ ከሰፈረው ውጪ ቀድሞ ማወቅ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሃይስኩል አካባቢ ወደዚህ አገር የመጡ ልጆች እንግሊዝኛቸው ለክፍልም ለሥራም ይበቃል፤ ይህ ክፍል ግን ቋንቋውን ያህል የንባብ ፍጥነትም ይፈልጋል። ባዮሎጂን በሽምደዳ መወጣት ይቻላል፤ እኛ ደግሞ ሽምደዳ ማን ይችለናል! ሪዲንግ ግን የሚሸመደድ ነገር የለውም። ጥያቄውን አስቀድሞ አንብቦ ጽሑፉ ውስጥ መልሱን ማደን የሚባለው ዘዴ «በዚህ አንቀጽ መሠረት» ዓይነት ጥያቄዎችን ያወጣል፤ የጸሐፊውን አቋም የሚጠይቁት ላይ ይከዳል። ከ270 ወደ 310 የሚወስደው በየቀኑ ረዘም ያለ የሳይንስ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ማንበብ ነው፤ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ ቆም ብሎ «ምን አለ?» ብሎ በራስ አነጋገር መመለስ። ይሄ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ነው። ዝቅ ያለባችሁ ሪዲንግ ከሆነ አራት አምስት ወር ስጡት፤ እሱ ከሌላችሁ በያዛችሁት አመልክቱ። ስድስት ሳምንት አንብቦ በሪዲንግ ተአምር መጠበቅ ገንዘብ ማባከን ነው።

«ያን ቀን ታምሜ ነበር» የሚሉም አሉ። አምናለሁ፤ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከፈተናው በፊት በነበሩት ሳምንታት የሠራችኋቸው የልምምድ ፈተናዎች ስንት ነበሩ? ልምምዱ 320፣ 330 እያለ ፈተናው 290 ከሆነ ቀኑ በድሎሃል፤ ተመዝገብ። ልምምዱም 290 ከነበረ ቀኑን ተወው።

ቀን መቁጠሪያው

ውጤቱ ዝቅ ቢልም ድጋሚ መፈተን የማያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ነው። አብዛኞቹ ኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት ኦፕቶምካስ በሚባለው አንድ መግቢያ በኩል ነው፤ በሰመር ይከፈታል። ብዙዎቹም ሁሉንም ማመልከቻ ሰብስበው እስኪጨርሱ አይጠብቁም። እንደደረሰ እያዩ፣ ቃለ መጠይቅ እየጠሩ፣ ወንበሩን እየሞሉ ይሄዳሉ። በነሐሴ ባዶ የነበረው ወንበር በጥር ላይኖር ይችላል።

በሌላ በኩል ድጋሚ ለመፈተን ቢያንስ ሁለት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። ትክክለኛው የቀን ቁጥርና ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚፈቀድ በየዓመቱ በሚወጣው የኦኤቲ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ከጓደኛ ሳይሆን ከዚያ አንብቡት፤ ይህ ሕግ ተለዋዋጭ ነው። ከዚያ ላይ ፈተናው በሚሰጥበት ፕሮሜትሪክ ማዕከል ውስጥ ክፍት ቀን ማግኘትን፣ ኦፊሴላዊው ውጤት ለትምህርት ቤቶች እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ጨምሩ። በነሐሴ ተፈትኖ ድጋሚ ለመቀመጥ የወሰነ ሰው አዲሱ ውጤት ኮሚቴው ጋ የሚደርሰው ቅዝቃዜው ሲጀምር ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ እዚህ ጋ ነው፦ በሐምሌ የተሟላ ማመልከቻ ከ290 ጋር ወይስ በታኅሣሥ የተሟላ ማመልከቻ ከ320 ጋር? የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ውጤታችሁ የምታመለክቱበት ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ካስገባቸው ተማሪዎች አማካይ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ቀድሞ መድረስ ይሻላል። ከአማካዩ 20 እና 30 ነጥብ ዝቅ ካለ ግን ቀድማችሁ ብትደርሱም የሚመጣው እምቢታም ቀድሞ ነው፤ ተረጋግታችሁ ተዘጋጁና ተፈተኑ፤ ካስፈለገም ለሚቀጥለው ዓመት ዙር አቆዩት። አንድ ዓመት መጠበቅ ለወላጅ ማስረዳት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያም ሆኖ በየትም በኩል የማያስገባ ማመልከቻ ልኮ ክፍያውን ከስሮ ከመጠበቅ ይሻላል።

አማካዩን ከየት ታገኙታላችሁ? አስኮ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ማኅበር በየትምህርት ቤቱ የገቡትን ተማሪዎች የጂፒኤና የኦኤቲ አማካይ እያወጣ በድረ ገጹ ያስቀምጣል። የካሊፎርኒያውን በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ አዲስ የግል ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ሚዛን አትለኩ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት ስለሌላቸው የዚህ አካባቢ ልጆች ፔንስልቬኒያን ወይም ኒው ዮርክን ያያሉ፤ ርቀው ወደ ሜምፊስ የሚሄዱም አሉ። የምታስቡባቸውን አምስት ስድስት ትምህርት ቤት ብቻ ጽፋችሁ ከጎናቸው አማካያቸውን፣ ከዚያ የእናንተን አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ ውሳኔው እዚያ ወረቀት ላይ ራሱ ይወጣል። ጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ወይም ኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ቀድማችሁ ወስዳችሁ ከሆነም ጠይቁ፤ በኦኤቲ ፋንታ እነሱን የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ።

አድሚሽን ኦፊስ መደወልን አትፍሩ። የኛ ሰው መሥሪያ ቤት መደወል ይከብደዋል፤ እነሱ ግን ሥራቸው ነው። «ሁለት ውጤት ሲኖር የቱን ነው የምታዩት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የመጨረሻውን፣ አንዱ ከፍተኛውን ያያል፤ ሌላው ከየክፍሉ የተሻለውን ይመርጣል። የቀድሞው ውጤት ግን እንደማይደበቅ እወቁ፤ ሪፖርቱ ላይ አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ከመጣ ያም ይታያል። 300 ይዞ 290 ማምጣት የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ግን ከማመልከቻው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሌላው የማመልከቻው ክፍል

320 አምጥቶ 350 ያማረው አንድ ልጅ ነበር። ጂፒኤው 3.6፤ ኦፕቶሜትሪስት ጎን ቆሞ ሥራ ያየበት ሰዓት ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ኦፕቶሜትሪስትም አያውቅም። ድጋሚ ለመዘጋጀት ያሰባቸውን ቅዳሜዎች ክሊኒክ እንዲያሳልፍ ነገርኩት። ቅር አለው፤ ቁጥር ማሳደግ ሥራ ሠራሁ ያሰኛል፣ ሰው ክሊኒክ ሄዶ «ልቁም?» ብሎ መለመን ደግሞ ያሳፍራል። እንደሱ ላለ ሰው 350 የሚጠቅመው አንድ ቦታ ነው፦ ስኮላርሺፕ። የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ውድ ነው፤ አንዳንዶቹ ስኮላርሺፕ ሲሰጡ ጂፒኤና ኦኤቲ ያያሉ። የምታስቡበት ትምህርት ቤት እንዲህ የሚያደርግ ከሆነና ቁጥሩን ከነገሯችሁ ሒሳቡ ይለወጣል።

ጂፒኤው ዝቅ ያለ ሰው ግን በተቃራኒው ነው። ያለፈ ጂፒኤን አራት ዓመት የተሠራበትን በአንድ ሴሚስተር ማንሳት አይቻልም፤ ኦኤቲን ይቻላል። 2.9 ጂፒኤ ከ290 ጋር ይዞ ማመልከት አልመክርም፤ 2.9 ከ330 ጋር ግን ኮሚቴውን «ይሄ ልጅ ይችላል፤ ያኔ ምን ሆኖ ነው?» ያሰኛል።

ጎንደር ኦፕቶሜትሪ ተምረው፣ አገር ቤት ታካሚ ሲያዩ ኖረው እዚህ የመጡ ወንድሞችና እህቶችም ይደውላሉ። ለእነሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ኦኤቲ መሆን የለበትም። በውጭ አገር ለሠለጠኑ ኦፕቶሜትሪስቶች አጠር ያለ ፕሮግራም ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የመግቢያ መስፈርቱን መጀመሪያ ከእነሱ ጠይቁ። ኦኤቲ የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ሌንስና መስታወት ፊዚክሱ ላይ ያግዛችኋል እንጂ ኦርጋኒኩን ማንም አይሠራላችሁም። ለዓመታት ሪፍራክሽን (የመነጽር ቁጥር ልኬት) ስትሠሩ ኖራችሁ ስለ ኤስኤን ሁለት ሪአክሽን ስትጠየቁ መናደዳችሁ ይገባኛል።

አንዲት እናት ደውለው «ልጄ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም፤ ወደቀች ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ኦኤቲ ላይ ማለፍና መውደቅ የሚባል መስመር የለም አልኳቸው። ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን እንደየፍላጎቱ የሚያነብ ትምህርት ቤት አለ። ወላጆች ይህን ቢያውቁ ቤት ውስጥ ያለው ጭንቀት በጣም ይቀንሳል፤ ልጁም ሌላ ሰው ደስ ለማሰኘት ብሎ ሳይዘጋጅ አይመዘገብም። ክፍያው 500 ዶላር ገደማ ነው፤ ሥራ የሚሠራ ልጅ ከሆነ የሚቀሩት ሺፍቶችም አሉ።

ተፈተኑ ካልኳችሁ

ዝግጅቱን ከደካማው ክፍል ጀምሩ፤ ጠንካራውን ግን ሙሉ በሙሉ አትጣሉት። ባዮሎጂ 330 ያመጣ ሰው ለሁለት ወር ሳያየው ቢቀር ይረሳል፤ በተለይ የእንስሳትና የዕፅዋት ምደባ የሚባለው ቶሎ ይተናል። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ፍላሽ ካርድ ይበቃዋል። የተጠቀማችሁበትን መጽሐፍ ወይም ፕሮግራም ያንኑ ከሆነ የምትደግሙት ጥያቄዎቹን በቃላችሁ ስለምታውቋቸው ቁጥሩ በውሸት ከፍ ይላል፤ ያልነካችሁት ምንጭ ፈልጉ። ሙሉ የልምምድ ፈተና ስትሠሩ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው በአንድ ቁጭታ፣ ስልክ ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ ይሁን። ሪዲንግ ያልቃል፣ ትንሽ እረፍት አለ፣ ከዚያ ፊዚክሱና ሒሳቡ ይመጣሉ፤ ፊዚክስ ላይ የሚወድቀው ነጥብ አንዳንዴ የድካም ነው፤ ድካሙን ቤት ካልተለማመዳችሁት እዚያ ይጥላችኋል። ሦስት ተከታታይ የልምምድ ፈተናዎች ከድሮው ውጤታችሁ በግልጽ ከፍ ካላሉ የፈተናውን ቀን በጊዜ አዛውሩት፤ ለማዛወር ክፍያ አለ፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥርም ይወደዳል።

ኦፕቶምካስ ላይ ደግሞ ወደፊት የምትፈተኑበትን ቀን የምትሞሉበት ቦታ አለ። ከመሙላታችሁ በፊት ለየትምህርት ቤቱ ኢሜይል ላኩ። ቀኑን ሲያዩ «አዲሱ ውጤት እስኪመጣ» ብለው ፋይላችሁን ሳያዩ የሚያቆዩ ይኖራሉ፤ ሌሎች ያለውን አይተው አዲሱን በኋላ ይጨምሩበታል። ኢሜይሉ ረጅም አይሁን፦ ስማችሁ፣ የኦፕቶምካስ ቁጥራችሁ፣ ያላችሁ ውጤት፣ ልትፈተኑ ያሰባችሁበት ቀን፣ እና «ማመልከቻዬን አሁን ባለው ውጤት ታዩልኛላችሁ ወይስ ትጠብቃላችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ። መልሱን አስቀምጡት፤ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣው ይለያያል።